«ልቤን ይክፈቱ፣ ጀርባዬን ግን አላስነካም» ላሉት አባት፦ ከልብ ኦፕሬሽን በፊት ስለሚሰጠው የወገብ ሞርፊን

ሌላም የሚያነብ ሰው እንዲገባው ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። አባትሽ 68 አመታቸው ነው፣ ቨርጂኒያ ካንቺ ጋር ይኖራሉ፣ ሶስት የልብ ደም ስሮቻቸው ጠበው ባይፓስ (ደሙ የጠበበውን አልፎ የሚሄድበት ሌላ መንገድ) ሊሰራላቸው ቀን ተቆርጧል። የሰመመን ሐኪሙ ደግሞ ከኦፕሬሽኑ በፊት ወገባቸው ላይ ትንሽ ሞርፊን በመርፌ ልስጥ ወይ ብሎ ጠይቋቸዋል። እሳቸው «ልቤን ይክፈቱ፣ ጀርባዬን ግን አላስነካም» አሉ፣ ምክንያቱም እናትሽ አንቺን ሲወልዱ ወገባቸውን ተወግተው ይኸው እስከዛሬ ወገቤን ወገቤን ይላሉ። አንቺ ደግሞ የፈራሽው ሞርፊን የሚለውን ስም ነው። ሱስ አይሆንም ወይ፣ ትንፋሽ አያቆምም ወይ፣ አዲስ ሙከራ ነው ወይ፣ ማገገሙንስ እውነት ያፈጥነዋል ወይ። መጨረሻ ላይ ስለ ቡናም ጠይቀሻል፣ እሱን እመጣበታለሁ።

እኔ የሰመመን ሐኪም ነኝ፣ አብዛኛው ቀኔ የሚያልፈው የልብ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ነው። አባትሽን አላየኋቸውም፣ የደም ምርመራቸውም እጄ ላይ የለም፣ ስለዚህ ይወጉ አይወጉ የሚለውን የሚጨርሱት እሳቸውና ፊት ለፊት ያያቸው ሐኪም ናቸው። እኔ የማደርገው ፍርሃታችሁን ቦታ ቦታ ማስያዝ ነው፣ ምክንያቱም ከጻፍሽው እንዳየሁት ቤተሰቡ በሙሉ የሚፈራው ብዙም የማያስፈራውን ነው፣ የሚያስፈራውን ደግሞ ማንም አልጠየቀም።

በመጀመሪያ ይሄ መርፌ እናትሽ የተወጉት አይደለም። ቦታው አንድ ነው፣ መርፌውም ይመሳሰላል፣ የሚገባው መድኃኒት ግን ሌላ ነው። ለወሊድ ኦፕሬሽን የሚሰጠው ዋናው መድኃኒት እንደ ቡፒቫኬይን ያለ ማደንዘዣ ነው፣ ከደረት በታች ያለውን ገላ በሙሉ ያደነዝዛል፣ እግር አልታዘዝ ይላል፣ ግፊትም ይወርዳል። ለአባትሽ የታሰበው ሞርፊን ብቻ ከሆነ ግን (ይሄን ጠይቂ፣ ማደንዘዣ የሚቀላቅሉም ቡድኖች አሉ) እግራቸው አይደነዝዝም፣ ግፊታቸውም እንደዛ ዘጭ አይልም። ህመሙን ብቻ ነው የሚያበርደው። እግር አያደነዝዝም ያልኩትን ያዢልኝ፣ ወደ በኋላ በጣም ያስፈልገናል።

እንዴት ይሰራል ላልሽው፣ ደረት ሲከፈት ህመሙ በነርቭ ሄዶ መጀመሪያ የሚያርፈው ህብለ ሰረሰር ላይ ነው። እዛ ጋ አንዱ ነርቭ ለሌላው መልእክቱን ያቀብላል፣ ከዛ ነው ወደ አንጎል የሚወጣው። ቅብብሎሹ ቦታ ላይ ሞርፊን ሄዶ የሚቀመጥባቸው መቀበያዎች ሞልተዋል፣ ሞርፊኑ እዛ ከተቀመጠ መልእክቱ ተዳክሞ ነው የሚያልፈው። አዲስ ነገርም አይደለም። መቀበያዎቹ በላብራቶሪ የታዩት በ1973 ነው (ሁሉንም በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)፣ በ1976 ያክሽና ሩዲ የሚባሉ ተመራማሪዎች የአይጥ ህብለ ሰረሰር ላይ በቀጥታ ሰጥተው ህመም እንደሚቀንስ አሳዩ፣ በ1979 ከማዮ ክሊኒክ የካንሰር ህመም ባለባቸው ሰዎች ላይ መሰጠቱ ተዘገበ፣ በ1980 ደግሞ ልባቸው የተከፈተ ታካሚዎች ላይ መሰጠቱ ላንሴት የሚባለው የህክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ከ40 አመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው፣ ካንቺ እድሜ ሳይበልጥ አይቀርም።

መጠኑ ነው ሰውን የሚገርመው። ለማመዛዘን የምንጠቀምበት ግምት አለ፣ በጣም ሻካራ ግምት ነው ግን ያግዛል፣ ህብለ ሰረሰሩ የሚዋኝበት ፈሳሽ ውስጥ የገባ 1 ሚሊግራም ሞርፊን በደም ስር ከሚሰጥ ወደ 100 ሚሊግራም፣ በአፍ ከሚዋጥ ደግሞ ወደ 300 ሚሊግራም ይጠጋል። ለዚህ ነው ለልብ ኦፕሬሽን ዛሬ ብዙ ቦታ የሚሰጠው 1 ሚሊግራም እንኳን የማይሞላው። በኪሎ ከ3 እስከ 5 ማይክሮግራም አካባቢ ነው፣ አባትሽ 70 ኪሎ ከሆኑ ከ200 እስከ 350 ማይክሮግራም ብትይ ነው፣ የሚሊግራም ሩብ አካባቢ። ሞርፊኑም ማቆያ ኬሚካል ያልተቀላቀለበት፣ ለዚህ ቦታ ተብሎ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

ሌላው ጥያቄ ወገብ ላይ ተወግቶ ደረትን እንዴት ያስታግሳል ነው፣ ጎበዝ ተማሪም ይጠይቀኛል። ሞርፊን ውሃ ይወዳል፣ ስብ አይወድም። እንደ ፈንታኒል ያሉት ስብ ወዳዶች ወዲያው ሰውነት ይመጥጣቸውና በጥቂት ሰአት ውስጥ ያልቃሉ። ሞርፊን ግን ፈሳሹ ውስጥ ይቆያል፣ ቀስ እያለ ከወገብ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ አንገት ይወጣል፣ ስለዚህ አንዴ ተሰጥቶ ከ18 እስከ 24 ሰአት ያገለግላል። ጠዋት 1 ሰአት ላይ ቢወጉ ያን ሌሊት በሙሉ አብሯቸው ያድራል ማለት ነው። ግን ይሄው ባህሪው ነው ጣጣም የሚያመጣው፣ ምክንያቱም ወደ ላይ መውጣቱን አንገት ላይ አያቆምም፣ ትንሽ ትንሹ ትንፋሽን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ጋ ይደርሳል። ሲደርስ ደግሞ ወዲያው አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰአት ባለው ጊዜ ነው፣ አልፎ አልፎም ከዛ ይዘገያል።

ስለዚህ ትንፋሽ አያቆምም ወይ ላልሽው መልሴ ሊያዘገይ ይችላል ነው፣ መጠኑ ሲበዛ በተለይ። የድሮዎቹ ሐኪሞች በሚሊግራም ነበር የሚሰጡት፣ ሰውየው ህመም የሚባል አያውቅም ግን ከመተንፈሻ ማሽኑም ቶሎ አይላቀቅም። በ1990ዎቹም በኪሎ 10 ማይክሮግራም ሲሰጥ የመተንፈሻ ቱቦው የሚነቀልበት ሰአት ዘገየ። አሁን ደግሞ ፋሽኑ በ6 ሰአት ውስጥ ቱቦውን ማውጣት ነው፣ ስለዚህ መጠኑ ወረደ። አሜሪካ ያለው መመሪያ እንዲህ አይነት ሞርፊን ለወሰደ ሰው ቢያንስ 24 ሰአት ክትትል ይላል፣ የመጀመሪያዎቹን 12 ሰአት በየሰአቱ፣ ቀጥሎ ያሉትን 12 በየሁለት ሰአቱ ትንፋሹን፣ ኦክስጅኑንና ንቃቱን ማየት። አባትሽ ደግሞ ያን ሌሊት አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ናቸው፣ ከዛ የተሻለ የሚጠበቁበት ቦታ የለም። ናሎክሶን የሚባለው ማክሸፊያም እዛው አጠገብ አለ።

ሐኪሙ ማወቅ ያለበትና ቤተሰብ ብቻ የሚነግረው ነገር አለ፣ እሱም ማንኮራፋት። አባትሽ የሚያንኮራፉ፣ ተኝተው ትንፋሻቸው ቁርጥ እያለ እንደገና እህህ ብሎ የሚነሳ ከሆነ ተናገሪ፣ «ኧረ ሲያንኮራፋ ነው ያደገው» ብለሽ አትለፊው። ለእንቅልፍ ብለው የሚውጡት ኪኒን ካለ እሱንም። ማታ ማታ አረቄ የሚቀምሱ ከሆነ እሱንም ንገሪ፣ አባትሽ ቢያፍሩም አንቺ ንገሪ፣ በሞርፊን ላይ የሚደረብ ማስተኛ ነገር ሁሉ ትንፋሽን ይበልጥ ያዘገየዋል።

ማገገሙን ያፈጥነዋል ወይ? እዚህ ላይ አላጋንንልሽም። በመጀመሪያው ቀን ህመም ይቀንሳል፣ በደም ስር የሚሰጠውም ሞርፊን ይቀንሳል፣ ይሄ በተደጋጋሚ የታየ ነው። ሞት ቀነሰ፣ ድንገተኛ የልብ ጥቃት ቀነሰ፣ ሆስፒታል የሚቆዩበት ቀን በግልጽ አጠረ የሚያስብል ማስረጃ ግን የለም። ስለዚህ ማንም ሰው ይሄን ካልወሰዱ አይድኑም ካላችሁ አትስሙት። ታዲያ ለምን እንሰጣለን ካልሽኝ፣ የመጀመሪያዋ ሌሊት ስለምትከብድ ነው። የፍርምባ አጥንት መሀል ለመሀል ተሰንጥቆ፣ ጎድን በብረት ተከፍቶ፣ መልሶ በማይዝግ ሽቦ ተሰፍቶ፣ ከስሩ ፈሳሽ የሚያወጡ ቱቦዎች ገብተው፣ ከእግር ደግሞ ደም ስር ተወስዶ ነው ሰውየው የሚነቃው። ያማል። ሲያም ሰው ትንሽ ትንሽ ነው የሚተነፍሰው፣ ሳል ሲመጣ አፍኖ ይውጠዋል፣ የሳንባው ታች ይተኛል፣ አክታ ይጠራቀማል፣ ከዛ ኒሞኒያ። መርፌው የሚጠቅመው ለዛች ሌሊት በደንብ እንዲተነፍሱ፣ እንዲያስሉ፣ ጠዋት ከአልጋ ወርደው ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ነው። የቀረውን የሚሰራው መተንፈሱና መራመዱ ነው።

የኛ ሰው ላይ ደግሞ አንድ ችግር አለ። አንድ ሽማግሌ አስታውሳለሁ፣ የኛው አገር ሰው፣ ከኦፕሬሽን በወጡ በማግስቱ ነርሷ ህመምዎ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው ስትላቸው በአስተርጓሚ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ፣ እሷም 0 ብላ ጻፈች። እኔ ስደርስ ልባቸው በደቂቃ 118 ይመታል፣ ግንባራቸው ላብ በላብ ነው፣ ትንፋሻቸው ከጉሮሮ አያልፍም። አባባ ያምዎታል ወይ ስላቸው ደህና ነኝ። እስቲ ይሳሉልኝ ስላቸው አይናቸው እንባ ሞላ። ለነርሷ አልፈርድባትም፣ ቋንቋው ነው ያልገጠመው፣ ለኛ ደህና ነኝ ሰላምታ እንጂ መልስ አይደለም። ስለዚህ አባትሽን ከአሁኑ አለማምጃቸው፣ «ቁጥር ሲጠይቁህ ቁጥር ተናገር፣ ማማረር አይደለም፣ ለሳንባህ ነው» በያቸው። ወይም ቁጥሩን ተይው፣ ሲያስሉ ምን ያህል ይይዝዎታል ተብለው እንዲጠየቁ ለነርሷ ንገሪ። ሌላው፣ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታቸው ነው፣ በነጻ ነው፣ አንቺ ልጃቸው አስተርጓሚ ከሆንሽ የሽንታቸውን ነገር እንኳን በትክክል አይነግሩሽም።

አሁን ወደሚያስፈራው ልምጣ፣ ደም። በኦፕሬሽኑ ወቅት ደማቸው የልብና ሳንባ ማሽን ውስጥ ስለሚገባ እንዳይረጋ ሄፓሪን በብዛት ይሰጣል፣ በኪሎ 300 እስከ 400 ዩኒት። መርፌው ወገብ ላይ ትንሽ የደም ስር ነክቶ ከሆነና ከዛ ሄፓሪኑ ከመጣ፣ ህብለ ሰረሰሩና ነርቮቹ አካባቢ ደም ሊቋጥር ይችላል፣ የተቋጠረው ደም ነርቮቹን ከተጫነ ደግሞ ሽባነት ያመጣል። በጣም በጣም ብርቅ ነው፣ በ2000 የተሰራ ግምት ለእንዲህ አይነቱ የአንድ ጊዜ መርፌ ከ220,000 ሰው 1 እስከ ከ3,600 ሰው 1 ባለው መሀል ነው ያስቀመጠው፣ ክልሉ እንዲህ የሰፋው ነገሩ ብርቅ ከመሆኑ የተነሳ የሚቆጠር ስለጠፋ ነው። ብርቅ ነው ማለት ግን ቸል ይባላል ማለት አይደለም፣ የሐኪሙ ጥንቃቄ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። መርፌውና ሄፓሪኑ መሀል ቢያንስ 1 ሰአት መኖር አለበት፣ ደረት እስኪከፈትና ደም ስሩ እስኪዘጋጅ ድረስ ብዙ ጊዜ ይሄ በራሱ ያልፋል። መርፌው ደም ይዞ ከወጣ ደግሞ ኦፕሬሽኑን በ24 ሰአት ማዘግየት የሚመከርበት ሁኔታ አለ፣ ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት «ዛሬ አይሆንም» ብትባሉ አትደናገጡ፣ አባትሽም ቀድመው ይወቁት፣ ልባቸውን አዘጋጅተው ገብተው መመለስ ከባድ ነው።

የደም ማቅጠኛዎቹን ዝርዝር ለሐኪሙ በደንብ ስጡት። አስፒሪን ብቻውን መርፌውን አይከለክልም፣ ብዙ ጊዜ ለባይፓስ አይቆምም እንኳን። ክሎፒዶግሬል፣ ፕላቪክስ የሚባለው፣ ከ5 እስከ 7 ቀን መቆም አለበት፣ ቲካግሬሎርም እንደዛው፣ ፕራሱግሬል ከ7 እስከ 10። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አይኤንአሩ (ደሙ ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ የሚያሳየው ቁጥር) ወደ ጤናማው መመለስ አለበት። በህክምና መጠን የሚወጋ ኢኖክሳፓሪን ቢያንስ 24 ሰአት። ግን እባክሽ ይሄን አንብበሽ አንድም ኪኒን አታስቁሚ፣ በቅርብ ስቴንት (የጠበበ ደም ስር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) የገባለት ሰው ክሎፒዶግሬልን በራሱ ቢያቆም ስቴንቱ ሊዘጋ ይችላል፣ ያ ከጀርባ መርፌ መቶ እጥፍ የከፋ ነው። መቼ እንደሚቆም የሚናገረው የልብ ሐኪሙ ነው፣ ኪኒኑ ከደም እስኪወጣ ብሎ ለአንድ መርፌ ኦፕሬሽን አይራዘምም፣ ካልተመቸ መርፌው ይቀራል በቃ። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች ይሄን አይታችሁ የኛስ ልትሉ ትችላላችሁ፣ እዛ ብዙዎቹ ታካሚዎች በሩማቲክ በሽታ ቫልቫቸው የተበላሸ ወጣቶች ናቸው፣ ዋርፋሪን ላይ ያሉም ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ የደሙ ጥያቄ እነሱ ጋ ይብሳል።

እና ያዢልኝ ያልኩሽ ነገር። ሞርፊን ብቻ ከሆነ የተሰጠው እግር አይደነዝዝም፣ አይዝልም። ስለዚህ አባትሽ ነቅተው እግሬ አልነሳ አለኝ፣ ደነዘዘኝ ካሉ፣ ወይም አዲስ ከባድ የጀርባ ህመም ከመጣ «መርፌው ገና አልለቀቃቸው ይሆናል» ብሎ መጠበቅ የለም። ወዲያው ነርስ ጥሪ፣ ወገባቸው ተወግቶ እንደነበር ንገሪ፣ ምክንያቱም የተቋጠረ ደም ከሆነ በ8 ሰአት ውስጥ መለቀቅ አለበት፣ ከዛ ካለፈ እግሩ የመመለስ እድሉ ይቀንሳል። ጠዋት ጠዋት ስትገቢ «አባዬ እስቲ ሁለቱንም እግር አንቀሳቅስልኝ» በይ፣ ሶስት ሰከንድ አይፈጅም።

የእናትሽን ወገብ በተመለከተ፣ አዝናለሁ፣ ግን መርፌው ነው ብዬ አላምንም። የተወጋበት ቦታ ለጥቂት ቀን ሊቆስል ይችላል፣ እሱ እውነት ነው። ለአመታት የሚቆይ የወገብ ህመም ግን በወገብ ተወግተው በወለዱና ሳይወጉ በወለዱ ሴቶች መሀል ሲነጻጸር ልዩነት አልተገኘም። እርግዝናው ራሱ፣ ልጅ ማዘሉ፣ ጎንበስ ብሎ ማጠቡ፣ ስንት አመት ሙሉ ባልዲ ማንሳቱ ነው ወገብን የሚጨርሰው። አገራችን መርፌው በደንብ ስለሚታወስ ሁሉም በሱ ይላከካል። መርፌው ቀጭን ነው፣ 25 ወይ 27 ቁጥር፣ ጫፉም እንደ እርሳስ ሾጠጥ ያለ፣ የሚገባውም ህብለ ሰረሰሩ ካለቀበት በታች ነው። ህብለ ሰረሰሩ የሚያልቀው የላይኛው ወገብ አካባቢ ነው፣ እኛ የምንወጋው ከዛ ወረድ ብሎ ነው፣ እዛ ያለው ፈሳሹ ውስጥ እንደ ክር የተንሳፈፈ ነርቭ ነው፣ መርፌ ሲመጣ ገለል ይላል። ይሄን ለአባትሽ እንዳለ ንገሪያቸው፣ ሽባ ያደርገኛል የሚለው ፍርሃት ከዚህ ነው የሚመጣው፣ ህብለ ሰረሰሬን ይወጉታል ብለው ነው የሚያስቡት።

ትንንሾቹን ጣጣዎች ቶሎ ቶሎ ልንገርሽ። ማሳከክ አለ፣ በተለይ አፍንጫና ፊት፣ ብዙ ሰው ላይ ይመጣል። አለርጂ አይደለም! ቤተሰብ አይቶ ሞርፊን አለርጂ አለበት ብሎ ያስጽፍና ሰውየው እድሜ ልኩን አለርጂ ተብሎ ይቀራል። የአለርጂ መድኃኒቱ ቤናድሪልም ብዙ አይረዳውም፣ እንቅልፍ ነው የሚያመጣው፣ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል፣ ለሱም መርፌ አለ። ሽንት አልወርድ ማለት አለ ግን ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ገብቶላቸው ስለሚቆዩ አይሰማቸውም። አንድ የሚያስቀኝ ደግሞ ምች ነው። በወገብ የሚሰጥ ሞርፊን ከንፈር ላይ የሚወጣውን ምች እንደሚቀሰቅስ በተለይ በኦፕሬሽን በወለዱ ሴቶች ላይ ታይቷል፣ እና አክስትሽ መስኮት ተከፍቶባቸው ምች መታቸው ብትል አትከራከሪያት፣ ዳማ ከሴ ይዛ አይሲዩ እንዳትገባ ብቻ።

ሱስ ያልሽው። አንድ ጊዜ፣ የሚሊግራም ሩብ፣ ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጥ መድኃኒት ሱሰኛ አያደርግም። ሞርፊን ደግሞ እኛ ዘንድ ለሚሞት ሰው ብቻ የሚሰጥ ተደርጎ ስለሚታይ አባትሽ ስሙን ሰምተው ተስፋ ቆርጠውብኛል እንዳይሉ፣ ለማንኛውም ትልቅ ኦፕሬሽን የሚሰጥ ነው። ልትጠነቀቂ ከፈለግሽ የምትጠነቀቂው ከሆስፒታል ስትወጡ በሚሰጣችሁ ኪኒን ነው፣ እንደ ኦክሲኮዶን ያሉት። አሜሪካ ውስጥ ከልብ ኦፕሬሽን በኋላ ኦፒዮይድ (ሞርፊንና የሱ ዘመዶች) ጀምረው ከ3 ወር በኋላም ከፋርማሲ የሚቀበሉ ሰዎች ከ10 ወደ 1 ይጠጋሉ፣ ይሄ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ለጥቂት ቀን፣ በትንሹ፣ ዋናው ማስታገሻ ታይለኖል (ፓራሲታሞል) ይሁን፣ የቀረውን ኪኒን መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጪው፣ ለፋርማሲ መልሺ። ሆድ ድርቀትም ያመጣል፣ አጥሚትና ውሃ ብቻ አይበቃውም፣ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን ጠይቂ፣ ደረቱ ተሰፍቶ መግፋት ሲኦል ነው። ታይለኖልም ቢሆን በቀን ከ4 ግራም አይለፍ፣ ለብዙ ሽማግሌ 3 ይበቃል፣ ፐርኮሴት የሚባለው የኦክሲኮዶን ኪኒን ውስጥም እሱው ስላለ ሁለቱን ደርበው እንዳይውጡ።

እና ዲክሎፌናክ! እለምንሻለሁ። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ ዲክሎፌናክ የሌለበት ሀበሻ ቤት ያለ አይመስለኝም፣ ጀርባ ሲያም እሱ፣ ጉልበት ሲያም እሱ። ከባይፓስ በኋላ እሱም፣ አይቡፕሮፊንም፣ አድቪል የምትሉት ማለት ነው፣ አይሆኑም፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት በጥቁር ሳጥን፣ ማለትም ከሁሉ በጠበቀው ማስጠንቀቂያ ከልክሎታል፣ ድንገተኛ የልብ ጥቃትና ስትሮክ ስለሚያበዛ። ጥቁር አዝሙዱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቤት የሚዘጋጀውን ሁሉ ለሐኪሙ ጥሪለት፣ አያፍርሽ።

አባትሽ ይሄን ሁሉ ሰምተው አሁንም ጀርባዬን አላስነካም ቢሉስ? ይቅር። የሚቀርባቸው ነገር አለ ግን ባዶ እጃቸውን አይቀሩም። ደረት ጎን ለጎን በአልትራሳውንድ እየታየ የሚሰጥ ማደንዘዣ አለ፣ ጀርባ ጡንቻ ስር የሚሰጥ ኢሬክተር ስፓይኔ የሚባልም አለ፣ በ2016 ነው የታወቀው፣ እሱም ጀርባ ላይ ነው ግን ፈሳሹ ውስጥ አይገባም። ታይለኖል በደም ስር፣ ቁልፍ ተጭነው ራሳቸው የሚወስዱት ማስታገሻም አለ። የዛሬው አካሄድ ሁሉንም ከየትንሹ መቀላቀል ነው። ሐኪሙን «ይሄ ካልሆነ በሱ ቦታ ምን ታደርግላቸዋለህ?» ብለሽ ጠይቂው፣ ከዛ በሆስፒታላችሁ ይሄን መርፌ ስንት ጊዜ እንደሚሰጡት፣ ስንት ማይክሮግራም እንዳሰበ፣ ነቅተው ነው ወይስ ተኝተው የሚወጉት። በወር አንዴ የሚሰጥበት ቦታ ከሆነ እኔ ብሆን ጎን ለጎኑን እመርጣለሁ፣ አይሲዩ ያሉት ነርሶችም የለመዱት ነገር ይሻላል።

ከዛ በኋላ ያለው ረጅሙ ነው፣ ግን እሱን እዛው በደንብ ይነግሯችኋል። ቱቦዎቹ ብዙ ጊዜ በ1 ወይ 2 ቀን ይወጣሉ፣ ሲወጡ የሚታወቅ ቅለት አለው። ከ5 እስከ 7 ቀን ሆስፒታል። አጥንቱ ለመግጠም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፣ እስከዛ ከ4 ወይ 5 ኪሎ በላይ ማንሳት የለም፣ የልጅ ልጅ ማቀፍም የለም ማለት ነው፣ ይሄ ነው የሚከብዳቸው። ሲያስሉ ትራስ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይያዙ። ትከሻና ጀርባ መሀል የሚወጋ ህመም ብዙ ነው፣ ጎድን ከመከፈቱ የመጣ ነው። አጥንቱ ቋ ቋ ካለ፣ ቁስሉ ካዠ፣ ትኩሳት ካለ ደውሉ። ጠያቂ አታብዢባቸው፣ አውቃለሁ ከባድ ነው፣ ቤተክርስቲያኑ በሙሉ ይመጣል፣ ግን ተቀብለው እያስተናገዱ ማገገም አይቻልም። ማታ ማታ ግራ ሊጋቡም ይችላሉ፣ አልጋው ላይ በአማርኛ የሚያናግራቸው ሰው፣ መነጽራቸውና የጆሮ ማዳመጫቸው ከመድኃኒት በላይ ይረዳል።

ቡናው። አባትሽ «ቡና ሳልጠጣ ልቤን አይከፍቱትም» አሉ ብለሽ ጽፈሻል፣ ሳቅኩኝ ግን ጥያቄው ትልቅ ነው። በአጠቃላይ መመሪያው ወተት የሌለው ቡና እንደ ንጹህ ፈሳሽ ይቆጠራል፣ ሰመመኑ ሊሰጥ 2 ሰአት እስኪቀር ድረስ ይፈቀዳል፣ ግን ስኳር ካለባቸው ወይ ሆዳቸው ቶሎ የማያሳልፍ ከሆነ ወይ ሆስፒታላችሁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም ካለ የነሱን ስሙ። ጥያቄው ትልቅ ነው ያልኩበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። በቀን ሶስት ጀበና የለመደ ሰው ሁለት ቀን ሲቀርበት ራሱን ይፈልጠዋል፣ ወገብ የተወጋ ሰውም አልፎ አልፎ ራሱን ያመዋል፣ በቀጭን መርፌ ከ100 ሰው ለ1 ያህሉ። የመርፌው ሲሆን ቁጭ ሲሉ ይጸናል፣ ጋደም ሲሉ ይለቃል። የቡናው ግን ጋደም ብለውም አይለቅም። ቁጭ ብለው ሲያማቸው ጋደም ብለው ሲሻላቸው ካየሽ ለሰመመን ሐኪሙ ንገሪ፣ ሁሌም የሚያማቸው ከሆነ ደግሞ መብላት ከተፈቀደ በኋላ የልብ ሐኪሙን ጠይቀሽ አንድ ስኒ ይዘሽላቸው ግቢ።